አንድ ጀሪካን ሐሜት

በዚህ አገር "ዝርዝር የለም" የሚል ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ይህን የምለው ተናድጄ አይደለም፤ ተናድጄ ሳለሁማ ከዚህ የባሰ ብያለሁ። ባጃጅ ትሳፈራላችሁ፣ ሃምሳ ብር ትሰጣላችሁ... "ዝርዝር የለም"። ሱቅ ገብታችሁ ክብሪት ትገዛላችሁ፣ መልሳችሁ ሦስት ማስቲካ ነው። እኔ ማኘክ የሚችል ጥርስ ካጣሁ ቆይቻለሁ፤ በመሳቢያዬ የተከማቸው ማስቲካ ግን ለአንድ ክፍል ተማሪ ይበቃል። ታዲያ አገር ሙሉ እንዲህ ለዝርዝር ሲያለቅስ፣ አንዲት አሮጊት ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ድፍን ብር በሳንቲም ይዛ "እነሆ" ብትል በእልልታ የሚቀበሏት አይመስላችሁም? እኔም መስሎኝ ነበር።

አስቀድሜ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ልናገር። ካልተናገርኩ እናንተ የራሳችሁን ትጨምሩበታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ደጅ ወጥቼ አልለመንኩም። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ገንዘቡ የመቀጮ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጾም ሊያዝ ሰሞን፣ ንስሐ አባቴ ዘንድ ቀረብኩ። አባ በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ እሳቸው ግን "ልጄ" ይሉኛል። ኃጢአቴን ስቆጥር ቶሎ አለቀብኝ።

"አልሰርቅም፤ ከሰው አልጣላም። ብቻ ሰው አያለሁ፣ ያየሁትን እናገራለሁ" አልኩ።

"ሐሜት ነዋ" አሉ።

"አስተያየት ነው፣ አባ።"

"ባለቤቱ ፊት ትናገሪዋለሽ?"

"ምን አጣላኝ?"

"እንግዲያው ሐሜት ነው።" ትንሽ አሰቡና፣ "ስግደት እንዳላዝዝሽ ጉልበትሽ አይችልም። ጾሙንም ድሮም ትጾሚያለሽ። እንግዲህ ሰውን ባማሽ ቁጥር አንድ ብር አስቀምጪ። ሲጠራቀም ለቤተ ክርስቲያን አንድ ነገር ትገዢበታለሽ" አሉኝ።

አባ ያሰቡት ይገባኛል። እጄ እንደማይፈታ ስለሚያውቁ ስስቷ ምላሷን ይይዝላታል ብለው ነው። አባ ሰው ያውቃሉ፤ ጡረተኛ ግን አያውቁም። ጡረተኛ በጀት የማይዝለት ነገር የለም።

የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አንገቱ ሥር በቢላዋ ሰነጠቅሁና ጓዳ መግቢያ ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በየምሽቱ እያሰብኩ ስጥል ቆየሁ። ኋላ ብልሃቱ ገባኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ የዕለቱን ሦስት ብር አስቀድሜ እጥላለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሕሊናዬ ንጹሕ ነው። ዕድር ያለ ቀን አምስት። ሠርግ ከሆነ አሥር ጥዬ ነው ነጠላዬን የምደርበው። አንድ ጊዜ ከሠርግ ሁለት ብር ሳልጠቀምበት ተመለስኩ፤ ሙሽራዪቱ ምንም እንከን የማይወጣላት ልጅ ሆናብኝ። እቤት እንደገባሁ አርቦዬ ከተማ ላለችው እህቴ ደውዬ በአማቷ ጨረስኩት።

የጀሪካኑ ግማሽ ግን የአንዲት ሴት ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፤ ዋናው መንገድ ላይ ዳቦ ቤት አላት። ከአጥሬ ጥግ ፎቅ ሠርታ መስኮቱን በጓሮዬ ላይ ከፈተችው። ጎመን ስቀነጥስ ታየኛለች፣ ልብስ ሳሰጣ ታየኛለች። ሰላምታ ካቋረጥን ሁለት ዓመት ሆነን። ስለ መስኮቷ፣ ስለ ወርቅ ጥርሷ፣ በየዓመቱ እያነሰ ስለሚሄደው ዳቦዋ የተናገርኩት ቢሰበሰብ ከጀሪካኑ ወገብ ይደርሳል። ተሰብስቦም አይቼዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጀሪካኑ ሞላ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ለአባ ልነግራቸው ሄድኩ።

"ስንት ሆነ?"

"ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ።"

አባ መስቀላቸውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። "በሦስት ዓመት?"

"ያውም ሁዳዴን ቀንሼ ነው።"

መስቀላቸውን መልሰው ወደ ቀኝ ወሰዱና፣ "ጃንጥላ ይወጣዋል። ለንግሡ አድርሺው" አሉ።

"ሳንቲሙን እንዳለ ላምጣላችሁ?"

"ተይ ልጄ። ሙዳየ ምጽዋቱ የሞላው በሳንቲም ነው። ገንዘብ ያዣችን ሳንቲም የያዘ ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይራል።"

ጃንጥላ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳሉ ለደብሩ የሰጠነው ሁሉ በእሳቸው ስም ነበር የሚነበበው፤ ምንጣፉም መጋረጃውም። ደግ ሰው ነበሩ፣ አልከፋኝም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ስሜ በዐውደ ምሕረት ሲጠራ ብሰማ እላለሁ። ይኸው ነው።

የነዋየ ቅድሳት መሸጫው ውስጥ አንድ ጃንጥላ ብቻ ቀርቷል፤ ቀይ ከፈይ፣ ዘርፉ ወርቅማ። ተከራክሬ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ላይ ቆመ።

"እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት አቆይልዎታለሁ። አንዲት የበቆጂ ሴት በስልክ እየጠየቀችኝ ነው" አለ ባለሱቁ።

"በሳንቲም ትቀበላለህ?"

"በሞባይል ይላኩልኝ እንጂ፣ እናቴ።"

"ሳንቲም በስልክ ይሄዳል እንዴ?"

"እንግዲያው በወረቀት ያምጡልኝ።"

ልጄ አዳማ አለች። ብደውልላት በደቂቃ ትልከው ነበር። ግን መቀጮ ነው፤ መቀጮ በልጅ አይከፈልም። ደግሞስ ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?

እንግዲህ ዓርብ ጠዋት ጀማልን ጠራሁት። ጀማል አርባ ዓመት ያለፈው ባለባጃጅ ነው፤ "አዴ" ይለኛል፣ ኦሮሞዎች ለሚያከብሯት ሴት እንደሚሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይላሉ፤ ያ እንኳ ሎሚ ነው። ጀሪካኑን ሁለታችን ተጋግዘን ባጃጁ ላይ ስናወጣው ጎማው ዝቅ አለ።

"አዴ፣ ምንድን ነው የጫንነው?"

"ሐሜት።"

ነገሩን አስረዳሁት። ጀማል ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። "በእኛም ሐሜት ከባድ ነው" አለ፤ "በኪሎ ግን ሲመዘን አላየሁም።"

መጀመሪያ ወደ ባንክ ሄድን። የትኛው ባንክ እንደሆነ አልናገርም፤ የትኛውንም ብትገምቱ አትሳሳቱም። መስኮቱ ላይ በትልቁ "እባክዎ ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልቤ ሞላ። ለእኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። አንድ ሰዓት ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ አንዲት ጥፍሯን እንደ ማንኪያ ያሳደገች ልጅ ቀና ብላ አየችኝ።

"ማዘር፣ ሳንቲም መስኮት ሦስት ነው።"

መስኮት ሦስት ላይ ወንበር አለ፤ ሰው የለም።

"ሠራተኛዋ ፈቃድ ላይ ናት" አለችኝ እዚያው ሆና።

"ሌላ ሰው አይቆጥርም?"

"ማሽኑ ሳንቲም አይቆጥርም።"

"አንቺስ?"

ጥፍሯን አየች። መልሱ ያ ነበር። በዚህ መሀል ከረባት ያሰረ ሰው ብቅ አለ። "እናቴ፣ መቶ መቶውን በላስቲክ አሽገው ቢያመጡት ነበር የሚሻለው" አለኝ።

"አሽጌ ባመጣ ዛሬ ትቀበላላችሁ?"

"ዛሬ ሲስተም የለም።"

"ሳንቲም ለመቁጠር ሲስተም ምን ያደርጋል?"

"ሲስተም ከሌለ ምንም የለም፣ እናቴ።"

ይህን የተናገረው እንደ ሰባኪ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ አንድ ክፍል ሙሉ ፋይል በእርሳስና በጣቴ ቆጥሬ አስረክቤአለሁ። ሲስተሙ እኔ ነበርኩ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ ሲስተም ለሌለው ሰው ምን ይነገራል?

ባጃጁ ውስጥ ተመልሼ እንደተቀመጥኩ ከአፌ አመለጠኝ። "ያቺ ልጅ ጥፍሯን ለማሳደግ የፈጀችውን ጊዜ ቁጥር ለመማር አውላው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለማሽን አታለቅስም ነበር።"

ጀማል በመስታወቱ አየኝ። "አዴ፣ ይሄ ይቆጠራል?"

"ፊቷ ላይ አላልኩትም። ይቆጠራል።"

"ሰውየውስ?"

"ስለ ሰውየው ምን አልኩ?"

"ሲወጡ 'ከረባቱ አንቆ የያዘው ቃላቱን ነው' ብለዋል።"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጀሪካኑ ቆብ ድረስ ሞልቷል፣ በኪሴ ያለው ወረቀት ነው፤ የት ልክፈል? ጀማል መላ አላጣም። ከመሪው ፊት ባለው አቧራ ላይ በጣቱ ሁለት ጭረት አሰመረ። "እይዝልዎታለሁ" አለ።

ቀጥለን ከባንኩ ማዶ ካለው ሱቅ ገባን። የማስቲካዎቼ ሁሉ መገኛ እሱ ነው። "ዝርዝር አመጣሁልህ" ስለው "ስንት?" አለ፤ ስነግረው ወደ ኋላ ሸሸ። "ሃምሳ ብር ልውሰድልዎ፤ ቀሪውን የት አደርገዋለሁ? እሱን የሚቀበለኝ የለም።" ነገ እግሬ ሲረግጥ ማስቲካ የሚሰጠኝ ሰው ነው ይህን ያለው። ሦስተኛ ጭረት። ስለ ሚስቱ የጨመርኩት አራተኛ።

"ከቤተ ክርስቲያን በር እንሞክር" አለ ጀማል። በነገው ንግሥ ምክንያት እዚያ የዝርዝር ነጋዴ አለ። እሱን የማታውቁ ካላችሁ እነሆ፦ ሰውየው ጃንጥላ ተክሎ ሳንቲሙን በክምር በክምር ደርድሮ ይቀመጣል። ለነዳያን ልትመጸውቱ አሥር ብር ስትሰጡት ዘጠኝ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ይመልስላችኋል። አንዷ የእሱ ናት። በእግዚአብሔርና በለማኝ መሀል ተቀምጦ የሚቀርጥ ሌላ ሰው የት አይታችኋል?

"ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ አለኝ፤ ትገዛኛለህ?" አልኩት።

ጀሪካኑን አንዴ ነካ አድርጎ ወዘወዘው፤ ሐብሐብ የሚገዛ ይመስላል። "አሥሩን በስምንት።"

"ለሰው በዘጠኝ እየሸጥክ?"

"እሱ ችርቻሮ ነው፤ ይሄ ጅምላ ነው።"

በራሴ አሰላሁት። በስምንት ከሸጥኩለት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አይሞላም፤ ጃንጥላው ወደ በቆጂ ይሄዳል። ደግሞም ሰው በገዛ ኃጢአቱ ላይ እንዴት ቅናሽ ያደርጋል? እያንዳንዷን ብር ለፍቼባታለሁ።

"አሥሩን በአሥር" አልኩ።

"እናት፣ ለጽድቅ ነው የሚውለው። ይተባበሩ እንጂ።"

ያን ጊዜ ያልኩትን አልጽፈውም። ጀማል ራሱ ስንት ጭረት እንደሆነ ተቸግሮ "ፊቱ ላይ ያሉትን ልተወው?" ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱ ላይ ያልኩት ስድብ ነው፤ ለስድብ አባ መቀጮ አልቆረጡብኝም። ወደ ባጃጁ እየሄድኩ ያልኩት ግን ሰባት ጭረት ሆነ።

እኩለ ቀን አለፈ። መናኸሪያ ሄድን፤ የሚኒባስ ረዳቶቹ ሃያ ሃያ ብር ብቻ እንውሰድ አሉ። መድኃኒት ቤት ሞከርን፤ ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ። ካፌው "ሥራ አስኪያጁ የለም" አለኝ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ። የጭረቱ ነገር እየባሰ ሄዶ ጀማል ከመሪው ፊት ያለውን አቧራ ጨርሶ ወደ ጎን ዞረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጭላሎ ተራራ በኩል ደመናው ወረደና ዝናቡ ያዘን።

"አዴ" አለ ጀማል፣ "ልናገር? አይቆጡኝም?"

"ተናገር።"

"ዳቦ ሰባት ብር ነው። ሰው ሁሉ አሥር ይዞ ይመጣል። ሦስት ብር መልስ፣ ቀኑን ሙሉ። ዳቦ ቤት ዝርዝር ይርበዋል።"

"የትኛው ዳቦ ቤት?"

መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ።

"ሌላ የለም?"

"ገበያው ጋ ያለው ዱቄት አልቆበት ዘግቷል።"

አርሲ ተቀምጦ ዱቄት አለቀበት። ስንዴው ከቤቱ ጀርባ ቆሞ ሳለ። ሃያ አንደኛ ጭረት። ሰዓቱን አየሁ፤ ጃንጥላውን አሰብኩ፤ የበቆጂዋን ሴት አሰብኩ። "ንዳ" አልኩት።

አስካለ ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማለች። አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል። ስገባ ቀና አለች።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ" አለች። ሁለት ዓመት ስሜን ሳትጠራ ቆይታ አልተበላሸባትም። "ዳቦ ነው?"

"ዝርዝር ትፈልጊያለሽ ቢሉኝ ነው።"

"ማን አለሽ?" ጀማል ጀሪካኑን አቅፎ ከበሩ ላይ ቆሟል። "ስንት ነው?"

ነገርኳት። የወርቅ ጥርሷ ብቅ አለ። "አምጣው፣ አስቀምጠው" አለችው ጀማልን።

ዳቦውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ጀሪካኑን ደፋችው። ድምፁ እንዴት ያለ መሰላችሁ... የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ሦስት ዓመት የተናገርኩት ሁሉ ባንድ ጊዜ የተነገረ መሰለኝ። እሷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ መቁጠር ጀመረች፤ በሁለት እጇ አምስት አምስት እየሳበች፣ አሥር አሥር እየደረደረች፣ መሀል ላይ ለሰው ዳቦ እየሸጠች፣ ሳትሳሳት። እውነቱን ለመናገር መዝገብ ቤት ብትቀጠር ትሆን ነበር።

"በስንት ትወስጂዋለሽ?" አልኳት።

"በስንት ማለት?"

"ከቤተ ክርስቲያን በር ያለው አሥሩን በስምንት ብሎኛል።"

"ብር ብር ነው" አለች፣ ቀና ሳትል። "እኔ የምሸጠው ዳቦ ነው።"

ግማሽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"ሱቅ የለሽ። ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?"

"የንስሐ ነው።"

"ምን አጥፍተሽ?"

"በአፌ።"

"እስቲ አስረጂኝ።"

"ሰው ባማሁ ቁጥር አንድ ብር ነው።"

የቆጠረችውን ክምር አየች። ያልቆጠረችውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። "የእኔ ስንቱ ነው?"

"አልለየሁትም" አልኩ። ለውሸትም አባ መቀጮ አልቆረጡብኝም።

"በግምት።"

"ትንሽ ነው።"

"ጀማል፣ አንተ ታውቃለህ?"

"እኔ ሙስሊም ነኝ" አለ ጀማል፣ ወደ ዝናቡ እያየ።

አስካለ ቆጠራዋን ቀጠለች። እኔ አሁን ጀሪካኔን መልሳ ትጥልብኛለች ብዬ እየጠበቅኩ ነው፤ ብትጥልብኝም አልፈርድባትም። ከመሳቢያዋ ገንዘብ አወጣች፣ መለሰች፣ አወጣች። በመጨረሻ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አርባ አንድ።"

"አርባ ነው።"

"አርባ አንድ ነው።"

"ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። አርባ።"

"አንዷን እኔ ነኝ የጨመርኳት" አለች። "እኔም አምቼሻለሁ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ?"

"ቀሪውን በማስቲካ ልስጥሽ?"

የተሰለፈው ሰው ፈነዳ። ጀማል ግድግዳውን ይዞ ቀረ። እኔ እንኳ ከንፈሬን ነክሼ ነው የቻልኩት።

የወረቀቱን ብር አሥር አሥር እያደረገች ቆጠረችልኝ። ለተጨማሪዋ አንድ ብር ወረቀት ስላልነበራት ሳንቲሟን ራሷን መለሰችልኝ፤ አንድ ዳቦም በጋዜጣ ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠች።

"መስኮቱን መጋረጃ አደርግበታለሁ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ተዪው" አልኩ። "ጎመኔን ሌባ ቢነቅለው ማን ያይልኛል?"

ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። ከዚህ በላይ መነጋገር የሁለታችንም ልማድ አይደለም።

ነዋየ ቅድሳት ሻጩ ዘንድ የደረስነው ለአሥራ አንድ ሩብ ሲቀረው ነው። ጃንጥላውን አውርዶ በላስቲክ መጠቅለል ጀምሮ ነበር፤ ለማን እንደሚጠቀልለው አልጠየቅኩትም። ሁለት ሺህ ስምንት መቶውን ወረቀት ብር ጠረጴዛው ላይ ስደረድርለት ሁለቴ ቆጠረው። ሳንቲም ቢሆን አንድ ጊዜም አይቆጥረውም ነበር። ሃያ ሁለተኛ ጭረት። ቀሪዋ አርባ ብር ለጧፍ ሆነች።

ወደ ቤት ስንመለስ ጃንጥላው ከጎኔ ተጋድሟል፣ ባዶው ጀሪካን እግሬ ሥር ይንከባለላል፣ ባጃጁ ዳገቱን ይዞ ያቃስታል።

"አዴ፣ ጥሩ ሴት ናት አይደል?" አለ ጀማል።

"ጥሩ ናት።"

"ሌላ ሰው ቢሆን ይጣላል።"

"ይጣላል።"

"በስምንት ልግዛ አላለች፣ አልተቆጣች፣ ዳቦም ሰጠች።"

ዳቦውን ከጋዜጣው አውጥቼ በእጄ ያዝኩት። ያዝኩት... መዘንኩት። አፌን ዘጋሁ። ሁለት መብራት እንጨት አለፍን። ሦስተኛው ላይ አልቻልኩም።

"ዳቦዋ ግን አሁንም ትንሽ ነው።"

ጀማል አልሳቀም። ፍጥነቱን ቀነሰና እጁን ወደ አቧራው ሰደደ። ሃያ ሦስት።

እቤት እንደገባሁ አስካለ የመለሰችልኝን ሳንቲም ጀሪካኑ ውስጥ ጣልኳት። ባዶ ዕቃ ሲጮህ ሰምታችኋል?

በማግስቱ በንግሡ ጃንጥላው ተዘረጋ። ስጦታ ያመጡ ሰዎች ስም ተነበበ፣ የእኔም ተነበበ። ችግሩ በክርስትና ስሜ መነበቡ ነው፤ "ወለተ ሥላሴ" ማን እንደሆነች ከአባና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ሦስት ዓመት ለፍቼ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ "ማን ናት?" ይላል። ቀና ስል አስካለን አየኋት፤ ከሴቶቹ መሀል ቆማ በወርቅ ጥርሷ ትስቅብኛለች። የንስሐውን ብር የቆጠረች እሷ አውቃለች። ይበቃል ብዬ ተውኩት።

እንግዲህ ሃያ ሁለት ብር ዕዳ ይቀረኛል፤ ይኼን ጽሑፍ ሳልቆጥር። ሰኞ ዕለት ልክፈል ብዬ ሃምሳ ብር ይዤ ዝርዝር ፍለጋ ወጣሁ። ባንኩ "ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ" አለኝ። ባለሱቁ ማስቲካ አሳየኝ። ከቤተ ክርስቲያን በር ያለው "አሥሩ ዘጠኝ ነው፣ እናት" አለኝ፤ እንዳላወቀኝ ሆኖ። ሄጄ ሄጄ መድረሻዬ ዳቦ ቤት ሆነ።

"ዝርዝር አለሽ?" አልኳት አስካለን።

ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ድፍን ያለ ከረጢት አነሣች። ሲቀመጥ ድምፁን አወቅኩት።

"ለብቻው አስቀምጬልሻለሁ፤ እንደምትመለሺ አውቄ አልነካሁትም" አለች። ከዚያ አፉን ፈታችና፣ "የስንት ቀን ልስጥሽ?"